እግርሽን ሳንሰማ ነጋ

ባለፈው ሳምንት ክፉ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ዋልኩ። ጉንፋን የያዘው ሰው ወይ ይተኛል ወይ ቴሌቪዥን ያያል፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወደ ሁለተኛው ዞርኩ። ጣቢያ ስቀያይር አንድ ፊልም ላይ እጄ ቆመ። ሴትዮዋን ገና ሳያት አወቅኋት። ባሕር ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠበች የምትኖርና ማራቶን ሮጬ አሸንፋለሁ ብላ የተነሳች ሴት ናት። ካየኋት አሥር ዓመት አልፏል። እሷ ያው ናት፤ የወፈርኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ያየኋት በትርጉም ነበር። ያኔ እዚህ አምቦ ሲዲ ቤቶች ውስጥ የውጭ ፊልም በአማርኛ ተተርጉሞ ይሸጥ ነበር። መተርጎም ሲባል ታዲያ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ይቀመጥና የሴቱንም የወንዱንም፣ የሕፃኑንም የፖሊሱንም ቃል ብቻውን ይናገራል። የዚህኛው ፊልም ተርጓሚ ድምፁ ወፍራም ነበር። ሴትዮዋ ስታለቅስ እሱ በዚያ ድምፁ "ወይኔ እናቴ" ሲል እኔና እናቴ በሳቅ እንፈርስ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ስቄ አላውቅም። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በማለዳ ልትሮጥ ስትል ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች። እዚያ ላይ ተርጓሚው ድምፁን ዝቅ ያደርግና "አንቺ ብቻ ጀምሪው፤ ሰው ከኋላሽ ይመጣል" ይላል። እውነትም ይመጣል። መጀመሪያ አንድ መንገድ ጠራጊ መጥረጊያውን ጥሎ ይከተላታል፤ በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪው፤ በመጨረሻ ከተማው ሁሉ።

አሁን ያየሁት ያለ ተርጓሚ ነው። ያቺ ቦታ እስክትመጣ ጠበቅኩ። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች፣ ክሯን አሰረች፣ ተነስታ ሄደች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የሚያናግራትም ሰው በአካባቢው አልነበረም። ያ ንግግር ከተርጓሚው ሆድ የወጣ ኖሯል። ብርድ ልብሴን እንደተከናነብኩ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠብኝና እንባዬ መጣ። እኔ እኮ በዚያች ንግግር አንድ በጋ ሙሉ ሮጬባታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምቦ ተወልጄ አምቦ ያደግሁ ነኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ሯጭ ነበርኩ፤ በትምህርት ቤቶች ውድድር አሸንፌ የተሸለምኩት ቴርሞስ እናቴ ቤት ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ዕቃ ነበር። ሕልሜም ትንሽ አልነበረም። አምቦ ላይ የዞን ምርጫ ይደረጋል፤ እዚያ የተመረጠ ለክልል ውድድር ይሄዳል፤ ክልል ላይ የክለብ አሠልጣኞች ቆመው ያያሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንቅልፍ ሳይወስደኝ በፊት ተኝቼ ስንት ጊዜ ሮጬዋለሁ። እናቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ነበረች። "ሩጫው የትም አይሸሽም፤ አንቺ መጀመሪያ ሥራ ያዢ" አለችኝ። የመምህራን ኮሌጅ ገባሁ። ስጨርስ የምደባ ዕጣ አወጣን፤ ለእኔ ጎጆ ደረሰኝ።

ጎጆ ከአምቦ በስተሰሜን ያለች የደጋ ከተማ ናት። የገብስና የድንች አገር ነው፤ ነፋሱ ከባሕር ዛፉ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ሲጣላ ያድራል። መንገዱን አላወራም፤ አይሱዙ ላይ ተጭኜ የደረስኩ ዕለት ወገቤ የእኔ አልመስል ብሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ይወርድና በአጥር ማዶ ያለውን ጎረቤት ይወስደዋል። ያኔ ሰው በየቤቱ ይከተታል፤ እኔም እከተታለሁ፣ ግን ብቻዬን።

ቤት የተከራየሁት ከኦቦ ቶሎሳና ከባለቤታቸው ከአደ ዲንቄ ነው። ኦቦ ቶሎሳ የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አደ ዲንቄ ሁለት ላሞች ነበሯቸው። ጠዋት ጠዋት ወተት ያመጡልኝና ደጄ ላይ ሲደርሱ ዛሬ ዓርብ መሆኑ ትዝ ይላቸዋል፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጾማለሁ። ተመልሰው ይሄዱና የተቀቀለ ድንች ከዳጣ ጋር ይዘው ይመጣሉ። ደጎች ነበሩ። ሁሉም ሰው ደግ ነበር፤ ሰላምታው ብቻውን ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በርሲስቱ ይሉኛል፤ መምህርት ማለት ነው። ከሰላምታው በኋላ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ነው። ኦሮምኛውን ከልጅነቴ በሰፈር የተጫወትኩበት ስለሆነ የቋንቋ ችግር አልነበረብኝም። ሌሎቹ መምህራን ባለትዳሮች ነበሩ፤ ከሥራ መልስ የሚጠብቃቸው አለ። እኔን የሚጠብቀኝ ኩራዝና የነገ የሒሳብ ትምህርት ነው። ከጸሎት ቤቱ የመዘምራን ልምምድ ይሰማኛል፤ አብሮ መሆን እንዲህ ነው እያልኩ አዳምጣለሁ። ሃያ ዓመት አለፈኝ ብዬ አፍሬ ለማንም አልነገርኩም እንጂ በመጀመሪያው ወር ብዙ ማታ አልቅሻለሁ።

ታዲያ ያቺ የተርጓሚው ንግግር የመጣችብኝ ያኔ ነው። የዞኑ ምርጫ ከክረምቱ በፊት እንደሚደረግ ሰምቻለሁ። ብመረጥ ከዚህ እወጣለሁ፤ ባልመረጥ እንኳ እዚሁ አብሮኝ የሚሮጥ ሰው አገኛለሁ አልኩ። ከሁለት አንዱን አላጣም ብዬ ነው።

ኅዳር ነበር። ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ ሣሩ ላይ ውርጭ አድሮበት ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ጅቡ ገብቶ ሰው ሲወጣ ጠብቄ፣ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ክሬን አሰርኩና ወጣሁ። ከቤት እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ነው ያሰብኩት። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ አንዲት ጀሪካን ያዘለች ሴት አለፍኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ።

ዞሬ አላየሁም፤ ፊልሙ ላይ ሴትዮዋ አትዞርም። ኮቴው ሁለት ሆነ። ከዚያ አራት፣ ከዚያ መቁጠሩ አቃተኝ። በየአጥሩ ውሻው ይጮሃል፣ በር ይከፈታል፣ ሰው ሰውን ይጣራል። ደረቴ በብርዱ እየተቃጠለ እንባዬ ደግሞ በደስታ ይወርዳል። መጡ አልኩ። ገና በመጀመሪያው ቀን መጡ። ፍጥነት ስጨምር እነሱም ጨመሩ። ድልድዩ ጋ ልደርስ ስል አንዲት ሴት ከመሃል "ዋዮ!" ብላ ዋይታዋን ለቀቀችው።

እግሬ ቆመ። ስዞር መንገዱ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ ወንዶቹ በትር ይዘዋል፤ አንዱ ጫማውን በእጁ ይዟል። ጀሪካን አዝላ ያየኋት ሴት ጀሪካኑን ጥላ ከፊት ነበረች። ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣

"በርሲስቱ፣ ኤኙ ዱኤ?" አለችኝ። ማን ሞተ?

"ማንም አልሞተም" አልኩ።

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?"

"ስፖርት ነው።"

በትር ከያዙት አንዱ ሽማግሌ፣ "እኛ እኮ ቤት የተቃጠለ መስሎን ነው" አሉና በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከሁሉ አንጀቴን የበላችው ዋይታውን የጀመረችው ሴት ናት። ማን እንደሞተ ሳታውቅ እንባዋን አፍስሳው ነበር፤ አሁን የት ታድርገው? በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋው ዞረች። ሌሎቹም ተከተሏት። እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ወደ ከተማ ተመለስን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ስደርስ ኦቦ ቶሎሳ ወሬው ቀድሟቸው ደጅ ቆመው አገኘኋቸው።

"ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው በማለዳ የሚሮጠው ወይ መርዶ ይዞ ነው፣ ወይ ቤት ሲቃጠል ነው" አሉኝ። "ደግሞ ጊዜውን ታውቂዋለሽ።"

አውቀዋለሁ። በጊንጪም በአምቦም መንገድ የሚዘጋበት፣ ከቤት የወጣ ልጅ እስኪመለስ እናት በር ላይ የምትቆምበት ጊዜ ነበር። ሰው ሲሮጥ ያየ ሁሉ ሆዱ የሚፈራው አያጣም።

"ልተወው?" አልኳቸው።

"አትተዪው" አሉ። "እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ነገሯቸውም። እሑድ ከጸሎት በኋላ የሠርጉና የለቅሶው ማስታወቂያ ሲያልቅ ተነስተው፣ "በርሲስቱ ስትሮጥ ብታዩ ማንም አልሞተም፤ ሥራችሁን ሥሩ" ማለታቸውን አደ ዲንቄ እየሳቁ ነገሩኝ። ቅዳሜ ገበያ ላይም ለቀሩት ደገሙት። የጎጆ ሰው የተነገረውን የሚሰማ ሰው ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ስሮጥ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ጀሪካን ያዘለችዋ ሴት መንገድ ለቃልኝ ጎንበስ እንዳለች ታልፋለች። ውሾቹ እንኳ መጮህ ተዉ። በስህተትም ቢሆን ለአንድ ማለዳ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ኦቦ ቶሎሳ በአንድ ማስታወቂያ ወሰዱብኝ፤ ለእኔ ደግ አስበው ነው፣ ምን ልበላቸው?

እንዲህ ሆኜ በጋውን ሮጥኩ። ታኅሣሥ ላይ ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ። የካቲት ላይ አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው። ሚያዝያ ላይ በልጉ ሲጥል ጭቃው ጫማዬ ላይ ተለጥፎ እግሬ የሰው እግር ይሆንብኝ ነበር። የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ነው። አንዳንዴ ለራሴ ጮክ ብዬ አወራለሁ፤ በተርጓሚው ወፍራም ድምፅ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ትንሽ ቀረሽ" እላለሁ። እስቃለሁ። ከዚያ ሳቄን የሚሰማ አለመኖሩ ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ። ስለ ምርጫው ለማንም አልተናገርኩም። ብመረጥ ያኔ ይሰሙታል ብዬ ነው።

ምርጫው ግንቦት ላይ አምቦ ሆነ። ዋዜማውን እናቴ ቤት አደርኩ። እናቴ በቴርሞሱ ሻይ አቀረበችልኝ፤ እንግዳ ሆኜ ማለት ነው። ሜዳው ላይ አብረውኝ የተሰለፉትን አየኋቸው። ከየወረዳው የመጡ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ እኔ የማስተምራቸውን ያክላሉ። አጠገቤ የቆመችው ከደንዲ የመጣች ቀጭን ልጅ ነበረች። ቁምጣዋ ሰፍቷት በገመድ አስራዋለች፤ ፊቷ ላይ ፍርሃት የሚባል የለም።

ሩጫው ተጀመረ። እስከ ሁለተኛው ዙር አብሬያቸው ነበርኩ። ከዚያ ልጆቹ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ እንደ ጨዋታ፣ ትተውኝ ሄዱ። ሰውነቴ ያለውን ሁሉ እንደሰጠኝ አውቃለሁ፤ ያለው ያን ያህል ነበር። ስንተኛ እንደወጣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሦስት ነበር የሚመረጠው፤ ከሦስተኛዋ በኋላ የሚቆጥር ሰው አልነበረም። መስመሩን ሳልፍ ዳኛው ጀርባውን ሰጥቶኝ አንደኛ ከወጣችው ከደንዲዋ ልጅ ጋር ያወራ ነበር።

በማግስቱ ወደ ጎጆ ተመለስኩ። አይሱዙው ላይ ሰው ሲያናግረኝ ራሴን አመመኝ አልኩ። ስደርስ ለአደ ዲንቄ በሩቁ ሰላምታ ሰጥቼ ቤቴን ዘጋሁ። እራትም አልበላሁ።

ጠዋት ነቃሁ፤ አልተነሳሁም። ብርሃኑ በበሩ ስንጥቅ ሲገባ ግድግዳውን እያየሁ ተኛሁ። ምን ልሁን ብዬ ነው የምነሳው? ሯጭ አይደለሁም። ጎጆ ደግሞ እንደ ትናንቱ ጎጆ ነው። ሕይወቴ ይኸው ነው ማለት ነው አልኩ፤ በሃያ አንድ ዓመት ሰው እንዲህ ብሎ ከልቡ ሊያምን ይችላል።

በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው አደ ዲንቄ ናቸው። ከኋላቸው ጀሪካን የምታዝለው ሴት፣ ከእሷ ኋላ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች፣ ከሁሉ ኋላ ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ዘቅዝቀው ለብሰውታል። ገብተው አልጋዬ ላይ፣ ሳጥኔ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። አደ ዲንቄ እጄን ይዘው፣

"በርሲስቱ፣ እግርሽን ሳንሰማ ነጋ" አሉ። "ከአምቦ ስትመጪም ፊትሽን አየሁት። እናትሽ ናቸው?"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እናቴ የሞተች መስሏቸው ሊያስተዛዝኑኝ መጥተዋል።

"እናቴ ደህና ናት" አልኩ። "ማንም አልሞተም።"

ባለፈው ድልድዩ ጋ እንዳደረጉት ተነስተው የሚሄዱ መሰለኝ። ኦቦ ቶሎሳ ግን፣ "ታዲያ ምን ሆንሽ?" አሉኝ።

"ውድድር ነበረብኝ። ተሸነፍኩ።"

ለማን ትነግሪያለሽ ብዬ ለወራት ሆዴ ውስጥ ያስቀመጥኩት ሕልም ባዕድ ሰው ፊት፣ አልጋዬ እንኳ ሳይነጠፍ ወጣ። ክልሉን፣ ክለቡን፣ የደንዲዋን ልጅ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኦቦ ቶሎሳ እስክጨርስ ጠበቁና ሴቶቹን አዩአቸው።

"እንቀመጥ እንግዲህ" አሉ።

ተቀመጡ። አንዳቸውም በርቺ፣ ሌላ ጊዜ ታሸንፊያለሽ አላሉኝም። አንዳቸውም የፊልሙ ተርጓሚ የሚናገረውን ዓይነት ነገር አልተናገሩም። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ዝም ብለው ቁጭ አሉ፤ እኔም እሪ ብዬ አለቀስኩ። አንደኛዋ ጎረቤት ወጥታ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይዛ መጣች፤ የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞላው። በጣቴ ቆርሼ በላሁ። የትምህርት ቤቱ ደወል ሊደወል ሲል ተነሱ። አደ ዲንቄ በሩ ላይ ቆም ብለው፣

"ነገ ትሮጫለሽ?" አሉኝ።

"ምን ያደርግልኛል ከእንግዲህ?"

"ለእኔ ያደርግልኛል" አሉ። "ላም የማልበው በእግርሽ ነው። ዛሬ አርፍጄ ጥጃዋ ስትጮህብኝ ነጋ።"

ጀሪካን የምታዝለው ሴትም፣ "እኔም ምንጭ የምወርደው አንቺ ስታልፊ ነው" አለች። "ካለፍሽ ጅቡ ገብቷል ማለት ነው።"

ስድስት ወር ሙሉ ማንም አያየኝም ብዬ ስሮጥ፣ ለካ መንደሩ በእኔ እግር ይነሳ ኖሯል። አያዩኝም ያልኩት ሰዎች፣ እንዳያዩኝ ስለተነገራቸው ነው ቀና የማይሉት። መስማት ግን ማን ከልክሏቸው?

በማግስቱ ሮጥኩ። ቀስ ብዬ ነው የሮጥኩት፤ የምቀድመው ሰው አልነበረም። ዝውውሬ እስኪመጣ ድረስ እንዲሁ ሮጥኩ። አምቦ ከገባሁ በኋላ ግን አንድ ሁለት ቀን ወጥቼ ተውኩት። እዚህ በማለዳ የሚሮጥ ሰው ሞልቷል፤ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ ያልፋል።

ያንን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሕልም ነው። ሕልምህን አትልቀቅ፣ ጽና፣ ትደርሳለህ ይባላል። ለተማሪዎቼ እኔም እንዲያ እላለሁ፤ ልጅን ተስፋ ማስቆረጥ ደግ አይደለም። እኔ ግን ሕልሜ ላይ አልደረስኩም፤ ሳልደርስ ግን አልሞትኩም። የሚያሸንፍ ሰው አጨብጫቢ አያጣም፤ ጀርባውን የሰጠኝ ዳኛ ሳይቀር ለደንዲዋ ልጅ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ። ለሽንፈት ነጠላ ዘቅዝቆ የሚመጣ ሰው ግን በሕይወቴ አንድ ማለዳ ብቻ ነው ያየሁት። ያኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ፣ ሰው ሁሉ፣ ቦታው ሁሉ እንዲያ መሰለኝና ዝውውሩ ሲመጣ እየዘፈንኩ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ለእኔ ብቻ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ታምሜ ስተኛ ለትምህርት ቤቱ በስልክ መልእክት ላክሁ፤ ባልደረቦቼም ወዲያው "ይማርሽ" ብለው አበባ ያለበት ሥዕል ላኩልኝ። አልቀየምኳቸውም። ሁሉም ሥራ አለው፣ ልጅ አለው፣ ጉንፋንም የሚያስጠይቅ በሽታ አይደለም። አዳሬ እስከ ንጋት ሳል ነበር። መንጋቱን በመስኮቱ ባየሁ ቁጥር፣ መነሳት ቢያቅተኝም እየተጎተትኩ እሄድና የበሩን መቀርቀሪያ እከፍት ነበር፤ ምናልባት የሚያንኳኳ ካለ ብዬ።